በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ የድሮ ጎቲክ ሜሎድራማ ፊልሞች፦ የትኛውን ይምረጡ?

የጎቲክ ሜሎድራማ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንዲት ወጣት ወደማታውቀው ትልቅ ቤት ትገባለች። የቤቱ ጌታ የሚደብቀው ነገር አለው፣ የተቆለፈ ክፍል አለ፣ ሌሊት ኮቴ ይሰማል፤ በመጨረሻም ቤቱ ይቃጠላል ወይም ይናዳል። ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህን ታሪክ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በጣሊያንና በሜክሲኮ ደጋግመው ከቀረጹት መካከል ብዙዎቹ በጀታቸው ጠባብ፣ የቀረጻ ጊዜያቸውም ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ከሀብታሞቹ ፊልሞች ይልቅ ልብ ይይዛሉ። ገንዘብ ያነሰበትን ቦታ አንዱ በጨለማ ሞላው፣ ሌላው በተዋናይ ጉሮሮ፣ ሌላው በቀለምና በጉም፣ ሌላው ደግሞ በአንዲት ሴት ፊት።

ሲመርጡም ይህንኑ ይጠይቁ፦ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ተካው? በዚያ የተተካው ነገር ከጣምዎ ጋር ከሄደ ፊልሙ የእርስዎ ነው። ካልሄደ ግን የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን አስር ደቂቃ አያስቀምጥዎትም።

ጨለማው፦ የቫል ሉተን ፊልሞች

ገና ለሚጀምር ሰው የምንመክረው ይህንን ነው። የአሜሪካው አር.ኬ.ኦ ስቱዲዮ በ1942 ቫል ሉተንን ፕሮዲዩሰር አድርጎ ሲቀጥረው ሦስት ገደብ አበጀለት፦ አንድ ፊልም ከ150,000 ዶላር እንዳይበልጥ፣ ከ75 ደቂቃ እንዳይረዝም፣ ርዕሱንም ስቱዲዮው እንዲያወጣ። ርዕሶቹ ስለዚህ ጯሂ ናቸው። ከርዕሱ ሥር ያለው ፊልም ግን ረጋ ያለና ሐዘን የተጫነው ነው፤ በርዕሱ ተታሎ ጭራቅ የጠበቀ ተመልካች የሚያዝነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዣክ ቱርኔር ያዘጋጀው «ካት ፒፕል» (1942፣ 73 ደቂቃ) ውስጥ የሚያዩት ያማረ ደረጃ ለዝነኛው አዘጋጅ ለኦርሰን ዌልስ ትልቅ ፊልም ተገንብቶ የቀረ ነው። አስፈሪው አውሬ ግን በአብዛኛው አይታይም። አንዲት ሴት በሌሊት በፓርክ አጥር ጥግ ስትሄድ ያለውን ትዕይንት ልብ ብለው ይዩት። ሙዚቃ የለም። የመንገድ መብራቶቹ ተራርቀው ቆመዋል፤ ሴቲቱ ከአንዱ ብርሃን ወጥታ ጨለማ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። የሁለት ሴቶች የተረከዝ ጫማ ኮቴ ይሰማል፤ ድንገት የኋለኛው ይቆማል። የፊተኛዋ መሮጥ ትጀምራለች። በዚህ መሐል ከጎን የሚመጣው ያ ኃይለኛ ድምፅ አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ የሚያወጣው ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ስንት ፊልሞች ይህን ዘዴ እንደወሰዱት ቆጥሮ መጨረስ ያዳግታል። ወጪው ደግሞ አንድ ግንብ፣ ጥቂት መብራትና አንድ አውቶቡስ ብቻ ነው።

ከሉተን ሥራዎች ለሜሎድራማ ወዳጅ አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል «አይ ዎክድ ዊዝ ኤ ዞምቢ» (1943፣ 69 ደቂቃ) እንላለን። ርዕሱን አይፍሩት። አጽሙ የሻርሎት ብሮንቴ ልብ ወለድ «ጄን ኤር» ነው፤ ወደ ካሪቢያን ደሴት ተወስዶ የተሠራ። ነርሷ የምትንከባከባት የቤቱ እመቤት በሕይወት አለች፣ ግን አትናገርም፣ አታውቅም። ሁለት ወንድማማቾች ስለእርሷ ይጠላላሉ፤ እናትየዋም የምታውቀው ነገር አለ። የቤተሰቡን ገመና የሚነግረን በመንደሩ መጠጥ ቤት ጊታር ይዞ የሚዘፍን ዘፋኝ ነው። አዝማሪ ቤት ገብቶ ስሙ በግጥም ሲነሳ የሰማ ሰው የዚያን ትዕይንት ሕመም ሳይነገረው ያውቀዋል። በግቢው መሐል ደግሞ ከባሪያ መርከብ ፊት የተነቀለ፣ ቀስት የተሰካበት ምስል ቆሟል። ነርሷ ደሴቲቱን ስታደንቅ ጋሪ ነጂው አባቶቹ ታስረው በዚያ መርከብ እንደመጡ በለሆሳስ ይነግራታል። በ1943 የሆሊውድ ርካሽ ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር መገኘቱ ያስደንቃል።

«ዘ ሰቨንዝ ቪክቲም» (1943፣ 71 ደቂቃ) ከሦስቱ ጨለማው ይበረታል። ጉዳዩ ራስን ማጥፋት ስለሆነ በከባድ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ለሌላ ጊዜ ያቆየው።

ያለ መንፈስና ያለ ጭራቅ

ምትሃት የሚባል ነገር የማይወድ ሰው «ማይ ኔም ኢዝ ጁሊያ ሮስ»ን (1945) ይያዝ። የአሜሪካው ኮሎምቢያ ስቱዲዮ ሥራ ነው፤ አዘጋጁ ጆሴፍ ኤች. ሉዊስ፣ ርዝመቱ 65 ደቂቃ። ለንደን ውስጥ ሥራ ያጣች ወጣት በአንድ ኤጀንሲ በኩል የጸሐፊነት ሥራ ታገኛለች። ቅጥሩ እዚያው ማደርን ይጠይቃል። ስትነቃ ከባሕር ዳር ገደል ላይ የተሠራ ቤት ውስጥ ናት፤ ልብሷ ተቀይሯል፣ ስሟም ተቀይሯል፤ «አንቺ የልጄ ሚስት ነሽ፣ አእምሮሽ ታሟል» ይሏታል። የመንደሩ ሰው ሁሉ ይህንኑ አምኗል። ከዚህ ሁሉ ፊልም ውስጥ ለእኛ አንባቢ ቅርብ የሚሆነው ይህ ይመስለናል፤ በኤጀንሲ በኩል ሰው ቤት ሄዳ ድምፅዋ የጠፋ እህት ወይም ዘመድ ያለው ሰው የመስኮቱን ብረት ሲያይ የሚሰማው ፍርሃት ከሌላው ተመልካች የተለየ ነው።

ፊልሙ ትርፍ ደቂቃ የለውም። ድክመቱ ማብቂያው ላይ ነው፤ መጨረሻው የተቻኮለ ይመስላል።

ከሉተኑ «አይ ዎክድ ዊዝ ኤ ዞምቢ» ጋር አስከትለው ቢያዩት 65 እና 69፣ በድምሩ 134 ደቂቃ፣ ከአንድ የዛሬ ፊልም አይበልጥም። እንዲህ ያሉ አጫጭር ፊልሞች ያን ጊዜም የሚሠሩት በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ለሚያሳዩ ሲኒማ ቤቶች ነበር። ጁሊያ ሮስን ያስቀድሙ፤ ፈጣኑ ፊልም ሁለተኛ ሲሆን ቀስ ያለው ተረስቶ ይቀራል።

ጉሮሮው፦ ቶድ ስሎተር

የእንግሊዝ መንግሥት በ1927 ሲኒማ ቤቶች የተወሰነ ድርሻ የአገር ውስጥ ፊልም እንዲያሳዩ በሕግ አስገደደ። ድርሻውን ለመሙላት ብቻ የተሠሩት ፊልሞች ለእያንዳንዱ ጫማ ርዝመት አንድ ፓውንድ ገደማ ይመደብላቸው ነበር። ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም በደቂቃ 90 ጫማ ስለሚሄድ የ65 ደቂቃ ሥራ 5,850 ጫማ ነው፤ ሙሉ ፊልም በስድስት ሺህ ፓውንድ ገደማ ማለት ነው። ቶድ ስሎተር (1885–1956) ወደ ሲኒማ የገባው በዚህ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የቪክቶሪያ ዘመን የመድረክ ሜሎድራማዎችን ለዓመታት ሲጫወት ኖሯል፤ ካሜራ ፊት ሲቆምም የመድረኩን ትወና አልቀነሰም። እጁን ያፋትጋል፣ ለራሱ ይስቃል፣ ልጅቷን ሲያይ ዓይኑ ይፈጥጣል።

ከሥራዎቹ መጀመሪያ «ዘ ፌስ አት ዘ ዊንዶ» (1939) ይሁን። ታሪኩ በ1880 ፓሪስ ውስጥ ነው፤ በመስኮት የሚታይ አስፈሪ ፊት፣ ከኋላ የሚሰነዘር ጩቤ፣ የሞተ ሰው እጅን በኤሌክትሪክ አንቀሳቅሶ የገዳዩን ስም ለማስጻፍ የሚደረግ ሙከራ አለበት። ቀጥሎ «ክራይምስ አት ዘ ዳርክ ሃውስ» (1940)፤ መነሻው የዊልኪ ኮሊንስ ልብ ወለድ «ዘ ዉማን ኢን ዋይት» ነው። «ማሪያ ማርተን» (1935) ለታሪክ ፈላጊ ይጠቅማል እንጂ ካሜራው ከቦታው ስለማይነቃነቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም።

እነዚህን ፊልሞች ብቻዎን፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ በዝምታ አይዩአቸው። የተሠሩት ክፉውን በጩኸት ለሚሳደብ ተመልካች ነው፤ ሦስት አራት ሰው ሲኖር ሌላ ፊልም ይሆናሉ። የድምፅ ቅጂያቸው ቀጭንና ፍሽፍሽ የሚል ስለሆነ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው ሰብታይትል ያስፈልጋል።

ቀለሙ፦ ኮርማን ከአሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ ታሪኮች የሠራቸው ፊልሞች

ሮጀር ኮርማን ለአሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ በአስር በአስር ቀን ሁለት ሁለት ጥቁርና ነጭ ፊልም ይሠራ ነበር። የሁለቱን ገንዘብና ጊዜ አንድ ላይ አድርጎ አንድ ባለ ቀለም፣ ባለ ሰፊ ምስል ፊልም እንዲሠራ አሳመናቸው፤ «ሃውስ ኦፍ አሸር» (1960፣ 79 ደቂቃ) በ15 ቀን ተቀረጸ። ዋናዎቹ ተዋንያን አራት ብቻ ናቸው። ቪንሰንት ፕራይስ የድምፅ ኮሽታ እንኳ የሚያሳምመው የመኳንንት ዘር ሆኖ በሹክሹክታ ይናገራል።

ገንዘቡ የት እንደዋለ ለማየት ግድግዳውን ይመልከቱ። የዲኮር ባለሙያው ዳንኤል ሃለር ከሌላ ስቱዲዮ የተረፉ የግንብ ቁርጥራጮች በርካሽ እየሰበሰበ ያገጣጥም ነበር፤ ቁርጥራጮቹ ስለማይጣሉ ቤቱ ከፊልም ወደ ፊልም እየሰፋ ይሄዳል። ወለሉ የሚያልቅበትን ጠርዝ ደግሞ ጉም ይሸፍነዋል። የሚፈርስ እውነተኛ ጎተራ አግኝተው ሲያቃጥሉ የቀረጹት እሳትም በኋለኞቹ ፊልሞች ተመልሶ ይመጣል፤ ሁለት ሦስቱን በተከታታይ ያየ ሰው ያው ጣሪያ ሲወድቅ ያውቀዋል።

ከ«አሸር» ቀጥሎ «ዘ ፒት ኤንድ ዘ ፔንዱለም» (1961) ይሂዱ፤ ፍጥነትም ድንጋጤም ለሚፈልግ እንዲያውም ይሻላል። በእንግሊዝ አገር የተቀረጸው «ዘ ማስክ ኦፍ ዘ ሬድ ዴዝ» (1964) የተሻለ ጊዜና ለሌላ ፊልም የተሠራ ሰፊ ዲኮር አግኝቷል፤ ካሜራማኑ በኋላ ራሱ ታዋቂ አዘጋጅ የሆነው ኒኮላስ ሮግ ነው። ውበቱ ከሁሉ ይልቃል፤ የጥበቡን ምንጭ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ድሆቹን ማየት ይሻላል።

«ዘ ቴረር»ን (1963) በመጀመሪያ አይምረጡ። የተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ ትዕይንቶች ከሌላ ፊልም በተረፈ ዲኮር በጥቂት ቀናት ተቀረጹ፤ የቀረው በተለያዩ ሰዎች እጅ በወራት ተሞላ፤ ታሪኩም አልተያያዘም። የቅጂ መብት ስለሌለው በየቦታው በነፃ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ የዘርፉን በር ይዘጋል።

ፊቱ፦ የጣሊያን ጎቲክ

ከሁሉም ይልቅ ለሐዘንና ለምኞት የተሰጠው ይህ ዘርፍ ነው። የጀመረው «ኢ ቫምፒሪ» (1957) የተቀረጸው በ12 ቀን ገደማ ሲሆን ሪካርዶ ፍሬዳ ጀምሮት ካሜራማኑ ማሪዮ ባቫ ጨረሰው። በውስጡ አንድ መታየት ያለበት ዘዴ አለ። ውብ የሆነችው እመቤት ካሜራው ሳይቆረጥ ፊታችን ላይ ታረጃለች። መጨማደዱ አስቀድሞ በቀይ ቀለም ፊቷ ላይ ተስሏል፤ መብራቱ ቀይ ሲሆን ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀዩን ቀለም ከቆዳው መለየት ስለማይችል ፊቷ ለስላሳ ይመስላል። መብራቱ ቀስ ብሎ ከቀይ ሲወጣ መስመሮቹ እየጠቆሩ ይመጣሉ። ወጪው ሁለት ባለቀለም መስታወትና አንድ የኩል ብሩሽ ነው።

ባቫ በስሙ ያዘጋጀው «ላ ማስኬራ ዴል ዴሞኒዮ» (1960) የዘርፉ ቁንጮ ነው፤ ባርባራ ስቲል የተገደለችውን ጠንቋይም ንጹሕቷን ልጅም ትጫወታለች። መክፈቻው ላይ በውስጡ ሹል ችንካር ያለው ጭምብል ፊት ላይ ይመታል፤ እንግሊዝ ይህን ፊልም እስከ 1968 ከልክላው ነበር። የሚሰቀጥጠው ሰው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ዘሎ ቢጀምር ታሪኩ አያመልጠውም። የአንቶኒዮ ማርገሪቲ «ዳንዛ ማካብራ» (1964) ለስለስ ያለ ነው፦ አንድ ጋዜጠኛ በውርርድ ግንብ ውስጥ ያድራል፤ በሌሊት ያገኛትንም ሴት ይወዳል። የፍቅር ታሪክ ለሚፈልግ ከዚህ ይጀምር። የፍሬዳ «ሎሪቢሌ ሴግሬቶ ዴል ዶቶር ሂችኮክ» (1962) ቀለሙ ድንቅ ቢሆንም ጉዳዩ ለሬሳ ያለ ምኞት ስለሆነ ከቤተሰብ ጋር የሚታይ አይደለም።

ፍለጋው ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። አዘጋጆቹ ለውጭ ገበያ የእንግሊዝ ስም ይለጥፉ ነበር፤ ፍሬዳ «ሮበርት ሃምፕተን»፣ ማርገሪቲ «አንቶኒ ዶውሰን» ሆነው ይገኛሉ። አንድ ፊልም ሦስት አራት ርዕስ ስላለው በርዕስ ሳይሆን በተዋናይዋ ስምና በዓመቱ መፈለግ ይቀላል። ድምፁ ሁሉ ከቀረጻ በኋላ በስቱዲዮ የተሞላ ስለሆነ በየትኛውም ቋንቋ ከንፈርና ቃል ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ቅጂው ተበላሽቷል ብለው አይተዉት። በተሟሉ የ«ዳንዛ ማካብራ» ቅጂዎች ላይ ንግግሩ መሐል ላይ ከእንግሊዝኛ ወደ ሌላ ቋንቋ ከተቀየረም እንደዚሁ ነው፤ ያ ክፍል ለአሜሪካ ገበያ ተቆርጦ ስለነበር እንግሊዝኛ ድምፅ የለውም።

ሁለት ሌሎች መንገዶች

መንፈስም ደምም ሳይኖር ቅናት፣ ክህደትና የሐብታም ቤት ተንኮል የሚወድ ሰው የእንግሊዙ ጌንዝቦሮ ስቱዲዮ በጦርነቱ ጊዜ የሠራቸውን ይይ፦ «ዘ ማን ኢን ግሬይ» (1943) እና «ዘ ዊክድ ሌዲ» (1945)። ከላይ ካሉት ይልቅ ሀብታሞች ናቸው፤ ሆኖም ጨርቅ በራሽን በሚሸጥበት ዘመን የተሠሩ ስለሆኑ ብልጭልጩ ከብልሃት የመጣ ነው። ሃያሲያን ናቋቸው፣ ሴት ተመልካቾች ግን ሲኒማ ቤቱን ሞሉት። ማርጋሬት ሎክዉድ በ«ዘ ዊክድ ሌዲ» ከባሏ ተደብቃ ሌሊት በፈረስ መንገደኛ የምትዘርፍ እመቤት ናት። ለአሜሪካ ገበያ ቀሚሷ ደረቷን አሳየ ተብሎ ትዕይንቶች እንደገና ተቀርጸዋል።

የሜክሲኮው «ኤል ቫምፒሮ» (1957፣ አዘጋጅ ፈርናንዶ ሜንዴዝ) ቤተ መንግሥቱን በፈረሰ የገጠር ርስት ተክቶታል። ከተማ ያደገች ልጅ የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ትመጣለች። የእንግሊዝኛው ድምፅ ስሜቱን ስለሚገድለው በስፓኒሽ ከሰብታይትል ጋር ይዩት።

ቅጂ ሲመርጡ

ጥሩ ፊልም በመጥፎ ቅጂ ማየት አለማየት ነው፤ ከዚህ ዘርፍ የሸሹ ብዙዎች የሸሹት ቅጂውን ነው።

በሉተን ፊልሞች የሚበላሸው ጥላው ነው። ደረጃ በደረጃ የሚጠቁረው ጨለማ በተደጋገመ ቅጂ ላይ አንድ ወጥ ጥቁር ይሆናል፤ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ላይ ደግሞ ወደ ካሬ ካሬ ይሰባበራል። ለእነዚህ ያገኙትን ከፍተኛ ጥራት ይምረጡ፤ ዳታ መቆጠብ ካለብዎ በስሎተር ላይ ይቆጥቡ፤ የመነሻ ፊልሙ ራሱ ያረጀ ስለሆነ 480 ይበቃዋል።

በኮርማን የሚበላሸው ስፋቱ ነው። ምስሉ 2.35 ለ1 ሆኖ የተቀረጸ ስለሆነ የድሮውን ቴሌቪዥን እንዲሞላ በ1.33 የተቆረጠ ቅጂ ከምስሉ 43 በመቶውን ይጥላል፤ ሁለት ሰው ሲነጋገር አንዱ ከክፈፉ ውጭ ይቀራል። ከላይና ከታች ጥቁር ማሰሪያ ያለውን ይውሰዱ። ምስሉ ሁሉ ወደ ሐምራዊ ካደላ የቀለም ፊልሙ ደብዝዟልና ሌላ ይፈልጉ። የ1940ዎቹ ፊልሞች በተቃራኒው ግራና ቀኝ ጥቁር ሊኖራቸው ይገባል፤ ሰዎቹ ወፍረው ካዩዋቸው ተለጥጧል።

በጣሊያኖቹ የሚበላሸው ርዝመቱ ነው፤ እዚህ ላይ ሰዓት ብቻውን አይታመንም። «ላ ማስኬራ ዴል ዴሞኒዮ» ሙሉው 87 ደቂቃ፣ የአሜሪካው የተቆረጠ 83 ነው። በአውሮፓ ዲቪዲ ግን በሰከንድ 24 የነበረው ክፈፍ በ25 ስለሚሄድ ሙሉው 87 ራሱ 83 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ለመለየት መክፈቻው ላይ የሙዚቃውን ባለቤት ያንብቡ፦ ሮቤርቶ ኒኮሎሲ ካለ ዋናው ነው፤ ሌስ ባክስተር ካለ የአሜሪካው ነው። የማሪዮ ካያኖ «አማንቲ ዶልትሬቶምባ» (1965) ሙሉው 104 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ሃያ ደቂቃ ያህል ጎድሎት የሚዞር ቅጂም አለ።

ቴሌቪዥኑ ላይ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ያጥፉ፤ ካልጠፋ ፊልሙ የዜና ቀረጻ ይመስላል። «ቪቪድ» የሚለውን ትተው «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ያድርጉት። ከዚያ ክፍሉን አጨልመው አንድ ጨለማ ትዕይንት ላይ ያቁሙና የጥቁር ኮት እጥፋት እስኪለይ ብራይትነሱን ከፍ ያድርጉ፤ በምስሉ ዳር ያለው ጥቁር ማሰሪያ ግራጫ መሆን ሲጀምር አንድ ደረጃ ይመልሱት።